የፊተኛው ማቴዎስ

ንፋስ መውጫ ጠላ የሚጠጣ ሰው ሁሉ የፈትለወርቅን ቤት ያውቀዋል። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ ወደ ገበያው በሚያወጣው ኮረኮንች ዳር፣ ረጅም እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት የእሷ ነው። ጠላዋ እውነተኛ ጠላ ነው፤ ብቅሉን አትሰስትም፣ ጌሾውን አታበዛም። የሚመርረው ምላሷ ነው። ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ሰው በደጃፏ ከገባ ቶሎ ብላ አትቀዳለትም፤ መጀመሪያ ወገቧን ይዛ ትቆምና «አንተ፣ በማን ዘመን ተወለድህ?» ትለዋለች።

የዚያ አገር ሰው ዓመትን የሚይዘው በወንጌላውያን ነው። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፤ በአምስተኛው ዓመት እንደገና ማቴዎስ ይገባል። ዓመተ ምሕረቱን የዘነጋች እናት እንኳ ልጇ በማን ዘመን እንደተወለደ አትስትም። እንግዲህ ጎረምሳው «በዮሐንስ» ይላል። «በየትኛው ዮሐንስ?» ትለዋለች። «በፊተኛው።» ይሄን ጊዜ ዓይኗ ይቀላል። «የፊተኛው ዮሐንስ ልጅማ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው! አንተ ስንተኛ ክፍል ነህ? አሥረኛ? ውጣ! ሂድና ወተት ጠጣ!» ብላ ታባርረዋለች።

ደንበኞቿ ይስቃሉ። «ፈትለ፣ ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው አይጠጣ የሚለውን ሕግ መንግሥት ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የነገረሽ?» ይሏታል። እሷ አትስቅም። «የፊተኛው» የምትባለዋ ቃል ምን እንደምታደርግ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ደርሶባታል። አንዴ ከአባቷ አፍ፣ አንዴ ከገዛ አፏ።

ፈትለወርቅ የስማዳ ልጅ ናት፤ ከወገዳ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር። ስድስተኛ ክፍል ስትማር ከክፍሏ አንደኛ ትወጣ ነበር። በዚያው ዓመት አባቷ ለአንድ የላይ ጋይንት ገበሬ ልጅ ሊድራት ቃል ሰጠ። አስተማሪዋና የጤና ሠራተኛዋ ይህን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ። አባቷ ሽማግሌዎቹን ግራና ቀኝ አስቀምጦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ «በዘመነ ሉቃስ ነው የተወለደችው» አለ። ይሄ እውነት ነው። «በየትኛው ሉቃስ?» ሲሉት ዓይኑን ሳያሽ «በፊተኛው» አለ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

በአንዲት ቃል አራት ዓመት ጫነባት። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ አሥራ ስምንት ሆና ተጻፈች፤ እንግዶቹም ጽፈው ሄዱ። እናቷ ጓዳ ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አምጣ የወለደች እናት የትኛው ሉቃስ እንደሆነ ይጠፋታል? አልጠፋትም፤ ግን አልተናገረችም። ፈትለወርቅም ከጓዳው በር ተለጥፋ ቆማ ዝም አለች። እሷማ መናገር እንደሚቻል የነገራት ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛው ዓለምነህ ነው፤ በዘመነ ማቴዎስ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት። ለንግሡ ሄዳ ሳለ ምጡ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያዛትና ሴቶች ደግፈው አቅራቢያው ወዳለ ቤት አስገቧት። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደና በዚያው ቀረ። እሷ ሕፃኑን አዝላ ንፋስ መውጫ ገባች። በሰው ቤት እንስራ አጠበች፣ ጌሾ ወቀጠች፣ ቆይታም የራሷን ጣሳ ሰቀለች። ዓለምነህ ጠላ ቤት ውስጥ አድጎ ቅራሪ እንኳ፣ ያን ውሃ ውሃ የሚለውን ቀጭን ጠላ፣ በአፉ አላዞረም። «ደንበኛ ነው እንጂ ልጅ አይጠጣም» ትላለች።

ይህች ጠንቃቃ ሴት ናት እንግዲህ ባለፈው ዓመት ልጇን አስከትላ ቀበሌ የሄደችው። ዓለምነህ ትምህርቱን ጥሎ ባጃጅ ካልነዳሁ ብሎ ስድስት ወር ነዝንዟታል። መጀመሪያ ሰደበችው፣ ከዚያ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ሰለቻት። ባጃጁን የሚሰጥ ሰው ተገኝቷል፤ መንጃ ፈቃድ ግን ያለ መታወቂያ የለም፣ መታወቂያውም ያለ አሥራ ስምንት ዓመት የለም። ልጁ ገና አሥራ ስድስት ነበር። የመዝገብ ሠራተኛዋ ብርቱካን ቀና ብላ «በማን ዘመን ተወለደ?» አለች። «በማቴዎስ» አለች ፈትለወርቅ። «በየትኛው?» ዓለምነህ ክርኗን ነካ አደረጋት።

«በፊተኛው።»

ቃሉ እንዴት ቀልሎ እንደወጣላት! አባቷ ጋቢውን ሲያስተካክል ታያት፤ አዎ፣ በዚያች ደቂቃ ታይቷታል፤ ቢሆንም አልመለሰችውም። ብርቱካን ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ዘጠና ሰባት ብላ ጻፈች፣ ማኅተም መታች፣ አለቀ። ወደ ቤት ሲመለሱ ልጁ ከደስታው ብዛት ይዘል ነበር። እሷ ሥራ አለብኝ ብላ ወደ እንስራዋ ተመለሰች።

ዘንድሮ በጥምቀት ማግስት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዓለምነህ ባጃጁን ከነሰው ገለበጠው። ከቀትር ጀምሮ መንገድ ዳር ያለው የዳንኤል ግሮሰሪ ቁጭ ብሎ ቢራ ሲጠጣ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ደሞዝ የሚባል ገበሬ ከነእህል ጆንያው ጭኖ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ኩርባዋ ላይ ሳይጠመዝዝ ቀረ። ደሞዝ ዳሌው ተሰብሮ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኛ። በእርሻ የሚኖር ሰው ዳሌው ሲሰበር ምን እንደሚሆን ለጋይንት ሰው መንገር አያስፈልግም። ዓለምነህ ግንባሩ ብቻ ተጫረ፤ ታሰረ፣ በዋስ ወጣ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ፈትለወርቅ መርማሪው ፊት ቆማ «ልጄ ሕፃን ነው! ቢራ የሸጠለትን እሰረው!» ብላ ጮኸች። መርማሪው መዝገቡን ገለጠላት። ሃያ አንድ ዓመት ይላል። ሃያ አንድ ከሆነ ጠጥቶ ሰው የሰበረ ሙሉ ሰው ነው፤ ክሱም ፍርዱም እንደ ሙሉ ሰው ነው፤ የሸጠለትም አይጠየቅም። አሥራ ሰባት ቢሆን ኖሮ ግን አያያዙ እንደ ልጅ ነው፣ ሻጩም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ከዚያ ወደ ብርቱካን ሮጠች። «ዕድሜው ተሳስቷል፣ አስተካክይልኝ።» ብርቱካን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ ፈትለወርቅ፣ ሲመችሽ ጨምረሽ ሲቸግርሽ ልትቀንሺ ነው? ሐሰት ተናግሬ ነበር ብለሽ ለፖሊስ ቃልሽን ስጪ፣ ምስክርም አምጪ። ያኔ ግን መንጃ ፈቃዱ እንደሚነጠቅ፣ አንቺም ራስሽ እንደምትጠየቂ እወቂ።» ፈትለወርቅ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ወጣች። ሳምንት ሙሉ እንስራ እያጠበች ዳንኤልን ረገመች፣ የባጃጁን ባለቤት ረገመች፣ አፈር የበላውን አባቷን ከመቃብሩ ቀስቅሳ ረገመች። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ግን አልሄደችም። እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነበር።

የካቲት ሲገባ በድምፅ ማጉያ የስብሰባ ጥሪ ተላለፈ። የመጠጥ ዕድሜ ከሃያ አንድ ወደ አሥራ ስምንት ይውረድ ወይስ ባለበት ይቆይ በሚለው ላይ የነዋሪው ሐሳብ ይሰማል ተባለ። ጠላ ሻጮችና ግሮሰሪዎች እንዲቀሩ አይፈቀድም። ፈትለወርቅ ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። ዓለምነህ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ዳንኤል ፊት ለፊት፣ ቆዳ ጃኬቱን ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። እሱን ስታይ ደሟ ፈላ።

መጀመሪያ የተናገረችው ምሥራቅ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ናት። «በአሥራ ስምንት ዓመቴ እመርጣለሁ፣ አገባለሁ። ወንድሜ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወታደር ቤት ገብቷል። ቢራ ላይ ስንደርስ ብቻ ነው ልጅ የምንሆነው? ደግሞስ ሃያ አንድ ስለተባለ ማን ቀረ? በጓሮ በር ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይጠጣል። ግልጽ ሆኖ ቢጠጣ ቢያንስ የሚያየው ሰው ይኖራል» አለች። ልጅቷ የተናገረችው ትክክል ነበር፤ ፈትለወርቅን ያናደዳትም ይሄው ነው። ትክክል የሆነ ነገር ሲነገር የእሷ ቁስል የት እንደሚገባ ጠፋት።

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡና «እንዲያውም ሃያ አምስት ይሁን! በእኛ ጊዜ ልጅ መጠጥ አያውቅም ነበር» አሉ። ፈትለወርቅ በአፍንጫዋ ሳቀች። ባለፈው ሰርግ ላይ ለአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው አረቄ አቅምሰው፣ ሕፃኑ ሲንገዳገድ እያዩ በሳቅ የፈነዱት እኒሁ ሰውዬ ናቸው። አዳራሹ ግን አጨበጨበላቸው።

ከዚያ ዳንኤል ተነሣ። «እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «አሥራ ስምንት በሉት፣ ሃያ አንድ በሉት፣ ለእኔ ለውጥ የለውም። መታወቂያ ሳላይ ለማንም ሸጬ አላውቅም።»

«ውሸታም!» ፈትለወርቅ መነሣቷን ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው። «ዓይንህን በጨው ያጠብህ ውሸታም! ልጄን ከቀትር ጀምረህ አጠጥተህ፣ ቁልፉን አስይዘህ የላክኸው ማነው? አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው!»

ዳንኤል አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ስልኩን አወጣ። ቢራ የሚሸጥለትን ወጣት ሁሉ መታወቂያ ለክፉ ቀን ብሎ ፎቶ ያነሣል። «ይሄው የልጅሽ። ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ዘጠና ሰባት። እኔ ቤት የጠጣ ዕለት ሃያ አንድ ሞልቶት ሁለት ወር አልፎት ነበር። ይሄን ለቀበሌ የተናገረው ማነው? አንቺ አይደለሽም? ብርቱካን እዚህ አለች፣ ትመስክር።» ብርቱካን አንገቷን ደፋች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጠላ ቤቷ ገብቶ «የትኛው ዮሐንስ?» የተባለ ጎረምሳ ሁሉ ያን ቀን ጥርሱን አልከደነም።

ፈትለወርቅ መቀመጥ ትችል ነበር። ቁጭ ብትል ሳቁ ያልቃል፤ ነገ እንስራዋን ታጥባለች፤ መንጃ ፈቃዱ አይነጠቅም፤ ልጇ ግን ሃያ አንድ ዓመት እንደሞላው ሰው ይፈረድበታል። ወደ በሩ ዞር ስትል ዓለምነህ የግንባሩን ቁስል በመዳፉ ሸፍኖ ቆሟል። ያ ፊት በየትኛው ዓይን ነው ሃያ አንድ የሚመስለው?

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ!» አለች። ሳቁ ቀጥ አለ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ልጄ በፊተኛው ማቴዎስ አልተወለደም፤ በኋለኛው ነው። እኔን አባቴ በፊተኛው ሉቃስ ተወልዳለች ብሎ በአሥራ አራት ዓመቴ ድሮኛል። እኔም ያንኑ ቃል ተናግሬ ልጄን ባጃጅ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እናንተ አሁን ከሃያ አንዱ ላይ ሦስት ይቀነስ አይቀነስ ትከራከራላችሁ! ከምኑ ላይ ነው የምትቀንሱት? እስቲ እዚህ ቤት ውስጥ የልጁን ዕድሜ ያልጨመረ ይነሣ! ለጋብቻ ያልጨመረ፣ ለመታወቂያ ያልጨመረ፣ ለዓረብ አገር ያልጨመረ ይነሣና ልየው! አንተም ዳንኤል፣ ፊቱ እፊትህ ነበር። ወረቀቱ ነው እንጂ ፊቱ አልዋሸህም!»

የተነሣ ሰው አልነበረም። ስብሰባውን የሚመራው ባለሙያ «እህቴ፣ ልጅሽ ስለተከሰሰ ነው ይሄን የምትይው ቢሉሽስ? ቃል ብቻ አይበቃም» አላት። ተቆጥታ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከፊት ረድፍ ነጭ ጥምጣም አየች። የኔታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ አሁን ከተማ ያስተምራሉ፤ ያኔ በባሏ አገር ደብር የባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቆጠራ፣ መምህር ነበሩ።

«የኔታ፣ እርስዎ ነበሩ» አለች። «ኅዳር ሚካኤል ዕለት አጥሩ ሥር ምጥ የያዛት ሴት እኔ ነኝ። ገንፎውን ማን እንዳመጣልኝ አላስታውስም። በተልባ እንደበላሁት ግን አስታውሳለሁ።»

«በተልባ?» አሉ የኔታ፣ ጆሯቸውን ወደሷ አዙረው። «አራስ በተልባ?»

«ቅቤ ይገባል አይገባም ብለው ሴቶቹ ሲከራከሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዓርብ ነው ብለው ከለከሉኝ።»

የኔታ ቀስ ብለው ተነሡ። በአውራ ጣታቸው የሌላውን ጣት አንጓ እየነኩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ። «የፊተኛው ማቴዎስ ዘጠና ሰባት ነው» አሉ። «መስከረም አንድ ቅዳሜ ዋለ፤ ኅዳር ዐሥራ ሁለት እሑድ ይሆናል። እሑድ ለአራስ ቅቤ የሚከለክል ክርስቲያን የለም። የኋለኛው ማቴዎስ ሁለት ሺህ አንድ ነው። መስከረም አንድ ሐሙስ ዋለ፤ ኅዳር ሚካኤልም ዓርብ ዋለ። አስታወስሁት። እኛም ዝክሩን በሽሮ ነው የበላነው፤ ከማኅሌት ወጥተን ጠዲቁን፣ የዝክሩን ዳቦ፣ እየቀማመስን ሴቶቹ እልል ሲሉ ሰምተናል።» ወደ ባለሙያው ዞሩ። «ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እኔ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እመሰክራለሁ። ይህችም ሴት ዋሽታለች፤ እሱንም እመሰክራለሁ።»

«ይመስክሩ» አለች ፈትለወርቅ።

የቀረውን ስብሰባ አልጠበቀችም። አሥራ ስምንት ይሁን የሚሉ እጆችና ሃያ አንድ ይቆይ የሚሉ እጆች ከኋላዋ ሲቆጠሩ እሷ የኔታን ቀድማ፣ ልጇን አስከትላ አስፋልቱን ይዛለች። ዳንኤል በር ላይ ቆሞ ስልክ ይደውል ነበር፤ አላየችውም። ንዴቷ አልበረደም፤ ግን አሁን የሚሄድበት መንገድ አግኝቷል። ዓለምነህ ጠጋ ብሎ «እማዬ፣ ክርንሽን የነካሁሽ እኮ እኔ ነኝ» አላት።

«ዝም በል!» አለችው። «ክርኑ ነው የተነካው፤ አፉ የእኔ ነበር። አንተ የምትናገረው ሌላ ነው፤ ደሞዝ የሚባል ሰው ዳሌው ተሰብሮ ተኝቷል። ቅዳሜ ሄደን እግሩ ሥር ትወድቃለህ። ልጅ ነህ ተብለህ ያ አይቀርልህም።»

ጣቢያው ውስጥ መርማሪው ወንበር ሳበላት። የምትሰጠው ቃል በራሷ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ነገራት። «ይሁን» አለች። መታወቂያዋን ተቀብሎ ከእሱ ላይ እያየ ስሟን ጻፈ፣ የትውልድ ቦታዋን ጻፈ፤ ዕድሜ የሚለው ላይ ሲደርስ በጣቱ ቆጥሮ ሠላሳ ዘጠኝ ብሎ ሞላው።

«ሠላሳ አምስት ነኝ» አለችው።

መርማሪው መታወቂያውን አስጠግቶ እንደገና አየ። «እዚህ ላይ ያለው ግን ሠላሳ ዘጠኝ ነው የሚሆነው።»

«እሱን የተናገረው አባቴ ነው» አለች ፈትለወርቅ። «እኔ የተወለድሁት በኋለኛው ሉቃስ ነው። መጀመሪያ የእኔን አስተካክለህ ጻፍ። የልጄን ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ።»

መርማሪው ሠላሳ ዘጠኙን በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ ሠላሳ አምስት ብሎ ጻፈላት።